ሰባተኛ ፎቅ

ለገሃር አጠገብ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ
አልጋ ያዘ አባቴ፣ ከሞጣ አምጥቶን አዲስ አበባን ልናይ።
ታናሼ ስንሻው፣ ሊፍት ሆኖበት ጉድ፣
ቀኑን ሙሉ ዋለ ሲወጣ ሲወርድ።
እናቴ «ሰው እንዴት ያድራል ተሰቅሎ፣
ጭስ እንደሚጠብቅ፣ እንደ ዘር በቆሎ?»
ብላ አወለቀች፣ ሲያደክማት ከተማ፣
አባቴ «ውድ ነው!» ሲል የዋለበትን የፒያሳ ጫማ።

እኩለ ሌሊት ላይ
ብርጭቆ ውስጥ ውሃው ክብ መሥራት ያዘ፣
አምፖሉ ያለ ነፋስ ወዲህ ወዲያ ናወዘ፣
ቁምሳጥኑ ራሱን ከፈተ፣ ተዘጋ፣
እንዳልተገራ በቅሎ ፈነጨብን አልጋ።
«መሬት ናት! ውጡ! በደረጃ!»
እናቴ ስንሻውን አዝላ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ፣
ሰባት ፎቅ በባዶ እግር፣ ሰባት ፎቅ በጨለማ፣
ከኋላችን የአባቴ ትንፋሽ ሲሰማ።

መንገዱ ሰው ሞልቶታል፣ ብርድ ልብስ ለብሶ።
አንዱ «ፈንታሌ ነው» ይላል፣ አንዱ «መተሃራ»፣
አንዲት ሴት በፎጣ የልጇን ስም ትጣራ፣
ልጇን በእጇ ይዛ።

መሬት ምንም እንዳላደረገች ዝም ብላለች።
እናቴ ቁልቁል አየች፤ እግሯ አስፋልት ላይ ቀዝቅዟል።
ቀና አለች፤ አባቴ በደረቱ አንድ ነገር ይዟል።
ገንዘቡን ትቶ፣ መታወቂያውን ትቶ፣
ጫማዋን።
አንዱን ብቻ። የግራውን።

በርከክ አለ፣ ያ ቁጡ ሰው፣ ሕዝብ እያየው፣
አጠለቀላት።
«ውድ ነው ብዬሽ አልነበር» አላት
ቀና ሳይል።

ማንም አልመለሰም። ስንሻው ብቻ፣ ከጀርባዋ ላይ፣
«ሊፍቱስ ደህና ነው?» አለ።