ጎዶሎ ማሟያ

ጁባ ላይ ቦቴ ነው የምሾፍረው እኔ፣
ናፍጣ ናፍጣ ይላል ልብሴም ሆነ ጎኔ፤
በወር በወር ግን፣ ደሞዝ ስቀበል፣
ደብረ ሲና ድረስ እሄዳለሁ፣ በደረሰኝ በኩል።

እዚያ አክስቴ አለች፣ እትዬ ማናልብሽ፣ ከመቆሚያው በር፣
ጉም ከጣርማ በር ላይ ወርዶ ሲሰፍር
አውቶቡስ ባይታያት፣ በሞተሩ ድምፅ የምትመነዝር፤
«ይሄ የደሴ ነው፣ ይሄ የከሚሴ፣ ይሄ ጭነት ያለው»
እያለች በጆሮዋ፣ ቆሎዋን ይዛ የምትሮጥ ሰው።

ሒሳቡ በስሜ ነው፤ ደብተሩ እሷ ጋ ናት፣
ውክልናውም የሷ፣ ማኅተም ያረፈበት።

ቁጠባው ዕጣ አለው።
አምስት መቶ ብር ላስቀመጠ ሰው
አንድ ኩፖን ይደርሰዋል፤
በስድስት ወር አንዴ ትራክተር ይወጣል፣
ባጃጅ ይወጣል፣ ፍሪጅ ይወጣል፤
ያልወጣለትም ብሩ ሳይነካ እዚያው ይቀመጣል።

«ምን ዓይነት ሎተሪ ነው፣ የተበላው ሰው ገንዘቡን ይዞ የሚሄድ?
ቁማርም አይደለ፣ አይደለም ንግድ፤
ላክ ብቻ፣ ግዴለም፤ ሳይገባን እንልመድ።»

አብሮኝ የሚያድረው አዳፍሬ ይስቃል፦
«በባንክ ስትል ስንት ብር ታጣለህ?
ለአንዲት ቁራጭ ወረቀት ትርፍህን ትጥላለህ?»
ልክ ነው አዳፍሬ፤ ሒሳብ ያውቃል።
ግን በጎን የላኩት ኩፖን የለው፤
ኩፖን የሌለው ብር ደግሞ ዝም ይላል።

የባንኩ ሲሆን ማታ ትደውላለች፣ ቁጥር ልታነብልኝ፤
«ሰባት፣ ዜሮ፣ ሁለት...» መስመር ሲቆረጥ ከሥር ጀምራ እየደገመችልኝ።
ወረቀቶቹ የቆሎ ጣሳ ውስጥ ናቸው፣
ሽምብራ ሽምብራ ይላል ዕድላችን፣ ብታሸቱት ጠረናቸው።

ዕጣው ሦስቴ ወጣ። ትራክተሩ ሄደ ወደ መሐል ሜዳ፣
ባጃጁን ሞላሌ ያለ አንድ አስተማሪ ወሰደው በማለዳ፤
ለእኛ የደረሰን የባንኩ ጃንጥላ፣
እሱንም ነፋስ በሳምንቱ ገልብጦት
አንድ ዘንጉ ዞሮ ቀረ ወደ ሌላ።

ባለፈው ሚያዝያ፣
ደብረ ብርሃን ቦታ ልገዛ አስቤ፣ ልወቀው ብዬ ጥሪቴን፣
ካሸሯን ሙሉእመቤትን ለመንኳት የደብተሩን ፎቶ፣ ገጽ በገጽ ሒሳቤን።
ደመርኩት። አልገጥም አለ።
በቦቴው ኮፈን አቧራ ላይ፣ በጣቴ ጽፌ ደመርኩት፤
ይበልጣል ከላኩት።
ሥልሳ አምስት ብር። መቶ አሥር። አርባ ሁለት።
ምንዛሬ ያላመጣው፣ የገበያ ቀን ቀን ያለበት።

ደወልኩ። «እትዬ፣ ይሄ የማነው ብር?»
ዝም አለች፣ አንድ አይሱዙ አልፎ ጡሩምባው እስኪሰወር።
«አንተ የምትልከው ሁሌ ጎዶሎ ነው፤
አራት መቶ ሠላሳ አምስት ላይ ይቀራል ጭራው።
ኩፖን ደግሞ ግማሽ የለውም፤ እኔ ሞላሁት።
ቆሎ ሰፍሬ ስሸጥ አናቱን እጨምር የለ? ምርቃት ነው አልኩት።»
«ለምን አልነገርሽኝም?»
«ምርቃት ይነገራል?»

አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ምንዛሬ ጠየቅሁ፣ ሳንቲም አሰላሁ፣
ድፍን ሁለት ሺህ፣ ድፍን ሦስት ሺህ አስተካክዬ ላክሁ፤
ጭራ የሌለው ብር፣
እሷ የማትነካው ቁጥር።

በዚያ ወር አልደወለችም።

በሁለተኛው ደወለች፤ ኩፖኑን አነበበች፣
ፈጠን አድርጋ፣ እንደ ባንክ ሰው፤
«ደርሷል። ሙሉ ነው።»
ልትዘጋ ስትል፣ ከጉሙ ውስጥ ሞተር ሲያጓራ ተሰማኝ፤
«የደሴው ነው» አልኩ።
«የአጣዬው ነው፤ ረስተኸዋል» አለችኝ።
ከዚያ ቀስ ብላ፦
«ስማ፣ በሚመጣው ስትልክ ትንሽ አጉድልልኝ፤
ሠላሳም ትሁን፣ ሃምሳም፤
እጄን የማስገባበትን አትዝጋብኝ።»

በማግስቱ ላክሁ፤
አንድ ሺህ አራት መቶ ሥልሳ።