የኪስ ዕቃ

በላይፕሲሽ ከተማ፣ በጥር፣ ገና ሳይነጋ፣
ትራሙ ሐዲዱ ላይ ሲያፏጭ፣ ከመታጠፊያው ሲጠጋ፣
ከሆስፒታሉ ሥር እገባለሁ፣ ወደ ምድር ቤቱ ወርጄ፣
የሐኪም ጋውን እፈትሻለሁ፣ ኪስ በኪስ፣ በገዛ እጄ።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሲሰሙት ቀላል ልፋት፣
አንድ ብዕር ከተረሳ ግን የሠላሳ አንሶላ ጥፋት።

ስንቱን አወጣሁ ከኪስ! የከረሜላ ወረቀት፣
ያልተላከ ፖስትካርድ፣ ጎዶሎ የጆሮ ጌጥ፣ ትኬት፤
አንድ ቀን ደግሞ የሕፃን ጥርስ፣ በጥጥ ተጠቅልላ፣
የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ለብቻዋ ፈገግ ብላ።
ዳኑታ፣ የክፍሉ አለቃ፣ የማትስቅ ፖላንዳዊት፣
መዝገቡ ላይ «ጥርስ፣ አንድ» ብላ ከጻፈች በኋላ፣ ድንገት
ሳቅ አፍኗት ቁጭ አለች፣ በቆሸሸው አንሶላ ክምር፤
እኔም ሳቅኩ። ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከኅዳር ወዲህ ቤታችን ውስጥ ድምፅ የሚባል ጠፍቷል፤
ይርዳው ከመጋዘኑ መሰላል ወድቆ ወገቡ ከድቶታል።
አሠሪው ደብዳቤ ልኳል፤ ደብዳቤው በጣም ጨዋ ነው፤
«ከአክብሮት ሰላምታ ጋር» ብሎ ነው ያባረረው።
የጋዙ ሂሳብም መጣ፤ እጥፍ፣ ከእጥፍም የከፋ፤
የኛን ክፍል ማሞቂያ ዘጋሁ፣ የሶስና እንዳይጠፋ።
ይርዳው ግን ካልጋ አልወርድ አለ፣ ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ፤
እንደ ከሰረ ሱቅ ሆነ፤
«እንመለሳለን» የሚል ወረቀት እንኳ ሳይለጥፍ፣ ዘግቶ።

«ተመስገን በይ» ይሉኛል፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚደውሉ።
እላለሁ። ብዙ ጊዜ ግን እንደ ሳል ነው የሚወጣው ቃሉ።
ለምኑ? ለየትኛው? ብዬ ጠየቅኩ አንድ ማታ፤
መልስ አልመጣም። ቧንቧው ብቻ
ጠብ አለ፣ ቆየና፣ ጠብ አለ፣ በዝምታ።

ስለዚህ ትልቁን ትቼ እንደ ዳኑታ መዝገብ ያዝኩ፤
ቁጥርና ዕቃ ብቻ፤ ምንም ትርጉም አልጨመርኩ፦

አንሶላ፣ ከማድረቂያው ትኩሱን የወጣ፣ አንድ፤
እስከ አሥር እየቆጠርኩ ፊቴን የቀበርኩበት።
ወይዘሮ ሃን፣ ቬትናማዊቷ ጎረቤት፣ ደረጃው ላይ፤
አንድ ሳህን ሾርባ። «ተረፈኝ» አለች፤ ውሸት፣ አንድ።
እኔም «ጠግበናል» አልኳት፤ ውሸት፣ ሁለት።
ሾርባው ግን እውነት ነበር፣ ከነዝንጅብሉ።
የትራም ነጂ፣ ስሮጥ አይቶ የጠበቀኝ፤ ግማሽ ደቂቃ።
ሶስና፣ በእንቅልፍ ልቧ በጀርመንኛ ስታወራ፤
መሃል ላይ «እማዬ» ያለችው በእኛው።
በረዶ፤ ለቆሻሻው በርሜል እንኳ ኮፍያ ያስደፋ።

ትናንት በእረፍት ሰዓት ቢበርደኝ ካፖርቴን ደረብኩ፤
የሰው ኪስ ስበረብር ከርሜ የራሴን ያኔ ዳበስኩ።
አንድ መንደሪን። ተልጦ፣ ነጭ ክሩ ሳይቀር ተለቅሞ፣
በጋዝ ሂሳቡ ፖስታ ተጠቅልሎ፣ እንደ ስጦታ ታሽጎ ደግሞ።

ክሩን እንዲያ የሚለቅም አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤
ሌሊት ተነስቷል ማለት ነው፤
ወጥ ቤት ድረስ፣ ግድግዳ ግድግዳውን፣ በጨለማው።
ስምንት እርምጃ ነው። ለጤነኛ ስምንት።
ለሱ ስንት እንደሆነ እሱና ወለሉ ያውቃሉ።

አንዷን ክፋይ ለዳኑታ ሰጠሁ፤ ከነቁጣዋ ጎረሰች።
አንዷን ለራሴ። ጎምዛዛ ናት፤ ብርድም ገብቷታል።
የቀረውን መልሼ ጠቀለልኩ፣ ማታ ከሱ ጋር እንድንበላ።

ሂሳቡ አልቀነሰም። ወገቡ አልዳነም። ጥር ገና ጥር ነው።
ከሰው ኪስ በወጣ ብዕር መዝገቤ ላይ ግን ጻፍኩ፦
«መንደሪን፣ አንድ።
ባል፣ አንድ፤ ከግድግዳው ዞር ያለ፣ ለጊዜው።»

ከዚያ ሳላስበው መጣ፤ እንደ ሳል አልነበረም ዛሬ፤
ተመስገን፣ አልኩ፤
አፌ እንደሞላ፣ በመንደሪን ፍሬ።