እንየው ሲቀዳ

ማክሰኞ በሦስት ሰዓት፣ ከእራት በኋላ፣
አባቴ በቲቪ ሊታይ ቤቱ ሞላ።
እግሩን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ጠበቀ፣
ራሱን ሊያይ መጥቶ ራሱን እየደበቀ።
ከዚያ መብራት ሄደ።
ከአስፋልቱ ወዲህ ብቻ። ከአስፋልቱ ማዶ
የነሽባባው መስኮት ይታየናል ነዶ።

ስሙ እንየው ነው። አላየነውም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የውሃ አባት ሆኖ
ብርን በየማሳው በተራ በትኖ፣
ለሽንኩርት፣ ለድንቹ፣ ለጓሮው አጠጥቶ፣
ብርን ሲያከፋፍል የኖረ ብር አጥቶ፣
አንዲት ቀን ካሜራ ቦዩ ድረስ ቢመጣ
የተናገረው ቃል በጨለማ ወጣ።

ጠዋት ሽባባው ማለ፤ «እንየው ተቆጣ!»
ሚስቱ፣ «የለም፣ ሳቀ»።
ልጃቸው፣ «ውሃ ጠጣ፣
ከዚያ ማስታወቂያ መጣ»።

እሑድ ማታ ይደገማል አሉ፣ በዚያው ሰዓት፤
እሑድ ግን ለአባቴ የሌሊት ተራ አለበት።
እናቴ የዕቁቧን ብር ከመቀነቷ ፈታች፤
«የሚይዝ ዕቃ እንግዛ» አለች።

ፍኖተ ሰላም ሄደን አንማው ሱቅ ገባን፤
ሪሲቨር በየዓይነቱ ደርድሮ አስጎበኘን።
«ይህ ዋይፋይ ይስባል፤ ይህ ሺህ ጣቢያ አለው፤
ይህ ባለ ሁለት ፍላሽ፣ ቅጂው ጥርት ያለ ነው፤
ዋስትናው ስድስት ወር»። እናቴ ዝም አለች፤
አንዱን እንደ እንስራ በጣቷ መታች፣
ጆሮዋን አስጠግታ ድምፁን አዳመጠች።
«ይቀዳል?» አለችው። «ይቀዳል፣ እማማ»።
«የቀዳውን፣ መብራት ሲሄድ በጨለማ፣
ያፈሳል?»
አንማው ሳቁን ዋጠ፤ ቆየ፤
ወደ ጓዳ ዘልቆ አንድ አሮጌ ለየ፣
ጥጉ የተሸረፈ፣ ሪሞቱ በላስቲክ የታሰረ።
«ይሄ የራሴ ነው፣ ስድስት ዓመት የኖረ፤
መብረቅ ሲመላለስ አንድ ቀን አልደናበረ።
አዲሱ ያበራል። ይሄ ያስታውሳል»።
«ታዲያ እሱን ስጠኝ። የሚያብለጨልጭ ዕቃ
እኛም ቤት ነበረ፤ ሲነኩት አበቃ»።
ሊሸጠው አልነበረም። የልጁን ክርስትና በፍላሽ ገልብጦ
ቅር እያለው ሰጠን፣ በካርቶን ሸጉጦ።

ወንድሜ ምንይችል፣ ስሙ እንዳይታማ፣
«ተዉልኝ፣ እኔ ልሙላው» አለ። እኛም ሰማን።
ሦስት ሰዓት ብሎ ሞላ።
አባቴ አካፋና ባትሪውን ይዞ ወደ ቦዩ ወረደ።
እናቴ ቲቪውን አጥፍታ ነጠላ ጣለችበት፤
«እሱ ሳያይ ማንም አያይም»።
ሰዓቱ ሲደርስ ሁላችን ነጠላውን እያየን ተቀመጥን፣
ሳጥኑ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ።

አባቴ ጎህ ሲቀድ መጣ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ።
ነጠላው ተነሣ።
የሳጥኑ ሰዓት ለካ የፈረንጅ ነው፤ ሦስት ስንለው
ሌሊት ዘጠኝ ነው የመሰለው።
ጣቢያው ተኝቶ ሳለ፣ ያ ባለቀለም ሰሌዳ
አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ጥርት ብሎ ተቀዳ።

ምንይችል አንገቱን ደፋ።
ሳጥኑን አየሁት፤ ጥፋት የለበትም፤
ያሉትን ነው የያዘ፤ አንዲት አላፈሰም።
ያን ጊዜ አባቴ ከነጭቃው ቲቪው ፊት ቆመ፤
«ያልሁትማ ይሄው ነው፦ ውሃ ዘመድ አያውቅም፤
ዝቅ ያለውን ነው የሚያውቅ።
ሰው ነው ዘመድ የሚያውቅ፤ ስለዚህ ዳኛ ያሻል።
ትርፉን ረሳሁት»።
«ተቆጥተህ ነበር?» አልሁት።
«ተቆጣሁ እንጂ፣ የላዩን ቦይ ዘግተውት።
ከዚያ ጠያቂዋ ልጅ ቦይ ውስጥ ገባች ከነጫማዋ፤ ሳቅሁ»።
«ውሃስ?»
«ጠማኝ፤ ጠጣሁ»።

ያ ሰሌዳ ዛሬም አለ። ምንይችል ሊያጠፋው ሲል
እናቴ እጁን ያዘችው፤
«መጀመሪያ የቀዳው ነው። ተወው፣ አይፍሰስ»።