የተነፈሰ ኳስ

አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ በጤና ጣቢያ፤
ሁለት ወንበር፣ ሶፍት፣ አሮጌ የክትባት ማስታወቂያ፣
ውጤቱን እስኪሰማ ጣቱን የሚቆጥር
ሰው ፊት ተቀምጬ፣ በዝቅታ ስናገር።
የፈራም ያልፈራም በገዛ እግሩ መጣ፣
አልቅሶም ተጽናንቶም በገዛ እግሩ ወጣ።

አሁን፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ፣
ቅዳሜና እሁድ ዩኒቨርሲቲ ነው ቤቴ።
ሁለተኛ ዲግሪ፣ የተማሪ ምክር፤
ባጃጅ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ደብተር፣ ደመወዜ ላይ ብድር።
ዶክተር ቀፀላ ይላሉ፦ "የምታውቁትን እርሱት፤
ልጅ ያጠረ አዋቂ አይደለም፣ በእናንተ ሚዛን አትለኩት።"
እጽፋለሁ። አሰምርበታለሁ።
የሚረሳው የቱ ነው? እያልኩ ሐይቅ ዳር ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ።

ለተግባር ልምምድ የተመደብኩበት
ከታቦር ተራራ ሥር ያለ ትምህርት ቤት፣
ሁለት ሺህ ተማሪ፣ አንድ እኔ።
የምክር ክፍል ብለው ቁልፍ ሰጡኝ፤
ብከፍተው የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት፦
አንካሳ ወንበር፣ የተቀደደ ካርታ፣
የጠመኔ ካርቶን፣ ዋንጫ ያለ እጀታ፣
ቅርጫት ሙሉ ኳስ፣ ሁሉም የተነፈሰ።
ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በሬን አንኳኩቶ አንድም ልጅ አልደረሰ።

የሚመጣው የተላከ ነው፤ ያረፈደ፣ የተሳደበ፣
በምክትል ርዕሰ መምህሩ ጆሮውን ተይዞ የቀረበ።
"ምን አጠፋሁ?" ነው የመጀመሪያ ቃላቸው፤
ክፍሉን የሚያውቁት በቅጣት ነው፣ ሌላውን በምን ላስረዳቸው?

ሐሙስ ዕለት ላኩት፣ ላሚሶን፣ የስድስተኛ፣
በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሁሌ የሚተኛ።
ሹራቡ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።
እናት፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የሌሊት ፈረቃ፤ መዝገቡ ይህን ይላል፤
"የአባት ስልክ" ሲደርስ ሰረዝ አድርጎ ያልፋል።

እንደተማርኩት፣ ክፍት ጥያቄ ጠየቅሁ፤
"እስቲ ስለ ጠዋትህ ንገረኝ" ብዬ ጠበቅሁ።
ጠበቅሁ።
ወደ ፊት ዘንበል ብዬ፣ ክንዴን ሳላጣምር፣
ዝምታውን አክብሬ፣ በልቤ እየቆጠርኩ እስከ ሠላሳ ቁጥር።
ትንፍሽ አላለም።
አንድ አባ ኮዳ ቆርቆሮውን እየረገጠ ከላያችን አለፈ።
ጤና ጣቢያ ቢሆን ይኼኔ ወረቀቱ መጥቶልኝ ነበር።
እዚህ ወረቀት አይመጣም።

ተነሣ። ቅርጫቱ ውስጥ እጁን ሰደደ፤
አንዱን መረጠ፣ ጨመቀ፣ ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠ።
"መንፋት ብቻ አይበቃውም" አለ። "ስፌቱ ተፈቷል፤
በዚያ ነው የሚተነፍሰው።"
"በምን አወቅህ?"
"መረብ እሰፋለሁ። አሞራ ገደል። ጀልባ እስኪገባ።
ሠላሳ ብር ይሰጡኛል።
እማዬ ከፈረቃ ስትመጣ እኔ ስወጣ
በር ላይ ነው የምንገናኘው።
አንዳንዴ።"

ይህን ሁሉ ሲለኝ ዓይኑ ኳሱ ላይ ነበር።
እኔም የእኔን እዚያው ኳሱ ላይ አኖርኩት።
ይህን ማንም አላስተማረኝም፤
ወይ አስተምረውኝ፣ እርሱት ሲሉኝ ረስቼዋለሁ።

ማክሰኞ በሩ ተንኳኳ።
ወፍራም መርፌ፣ የመረብ ክር፣ ላሚሶ።
ማንም አልላከውም።
እሱ ሰፋ፣ እኔ ያዝኩለት፤
ጣቴን ሁለቴ ወጋኝ፣ ይቅርታም አላለኝ።

ዘገባው አራት ገጽ ሆነ፤ በሕጉ መሠረት፣
ተማሪው ያለው ቃል በቃል፣ አማካሪዋ ያለችው ቃል በቃል።
ዶክተር ቀፀላ ሦስተኛው ገጽ ጥግ ላይ፣ በቀይ፦
"ምክሩ የቱ ጋ ነው?"
ከሥሩ፣ ደቀቅ ባለ ጽሕፈት፣ በእርሳስ፦
"ኳሱስ ያዘ?"

የመጀመሪያውን ገና አልመለስኩም።
ላሚሶ ሒሳብ ላይ አሁንም ይተኛል፤
መምህር ዳንጊሶን ለምኜ
ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግተውለታል፣
ራሱን የሚያሳርፍበት እንዲያገኝ።
ለሁለተኛው፦
እስከ ዓርብ ይዟል።