ጆሮው በመዳፉ

ዝናብ ባለቤት ነው፣ ፀሐይ እንግዳ ናት፣ ቺሎዬ ደሴት ላይ፤
ባሕር በየዓመቱ ስንዝር ሲሰርቀን፣ ዝም ብለን ስናይ፣
ዘንድሮ ደረሰ፤ ጨው ላሰው የደጃችንን ጣውላ፤
«እንጎትታት» አልን፣ ቤተ ክርስቲያኗን ከነደወሏ፣ ወደ ኮረብታው ኋላ።

ቄሱ በዓመት አንዴ በጀልባ ነው 'ሚመጣ፤ ታዲያ ማን ይምራ?
መምራቱን ሁሉም ሻተ፣ መሸከሙን ሁሉም ፈራ።
ጸሎት መሪው ሶፋኖር «እኔ» ሲል፣ አናጢው ክሎዶሚሮ
«ጣሪያ በጸሎት አይነሣም» አለ፣ ተማርሮ።
ዘማሪቷ ሉድጋርዳ፣ አናጢውን ካኮረፈች አሥራ አንድ ክረምት፣
«ያለ ዜማ በሬ አይስብም» ብላ ጀርባዋን ሰጠች ለሸንጎው ፊት።

እኔ? እኔማ ድንች ላጭ ነኝ። በማኅበሩ መዝገብ
ስሜ መጨረሻ ገጽ ነው፣ ከሻማና ከጨው ሒሳብ አጠገብ።
ለሁለት መቶ ሰው 'ሚበቃ ድንች እየላጥሁ፣
«ይኼም ጸጋ ተብሎ!» ብዬ በራሴ ስቄ ተቀመጥሁ።

ኤሊሴዮ ደግሞ አለ፣ የአሣ አጥማጁ የናዋልኪን ልጅ፤
ከተወለደ ጀምሮ ዝግ ጆሮ፣ ክፍት እጅ።
ደወል ሲደወል ምሰሶ ያቅፋል፣ ተለጥፎ በደረቱ፤
«ምስኪን» ብለን አለፍን፤ አልጠየቅነውም ምን እንዳወራው እንጨቱ።

ቀኑ ሲደርስ ሃያ ጥማድ በሬ ከየሰፈሩ ወጣ፤
ገመድ ያለው ገመድ፣ ለግንዱ 'ሚቀባ ስብ ያለው ስብ አመጣ፤
ቤኒግኖ ምንም አልነበረውም፤ ወሬውንና ውሻውን ይዞ መጣ።
ክሎዶሚሮ ቀንበሩን ፈተሸ፤ ሶፋኖር አማተበ፤
የሉድጋርዳ ድምፅ በጭጋጉ ውስጥ እንደ ገመድ ተሳበ።
አቤት! ቤተ ክርስቲያን በግንድ ላይ ስትሄድ፣ መስኮቶቿ ሲንቀጠቀጡ፣
እንደ አሮጊት ሙሽራ፣ ልጆች ከኋላዋ ሲሮጡ!

ካጋማሽ ላይ ጭቃው በረታ፤ የፊተኛው በሬ ተንበረከከ፤
አናጢው በጸሎቱ፣ ጸሎቱ በዜማው፣ ዜማውም ባናጢው አላከከ።
«ግፉ!» «ቁሙ!» «በዜማ!» ሦስት ትእዛዝ ባንድ አፍታ፤ ማንም ማንን አልሰማ፤
ያኔ ኤሊሴዮ፣ መዳፉ ከግድግዳው ያልተለየ፣ አንድ ነገር ሰማ።
ሰማ እላለሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ዓይኑ ፈጠጠ፤
ሮጦ ከበሬዎቹ ፊት፣ እጁን እንደ ቀንበር ዘርግቶ ተጋረጠ።

በሬው ቆመ።
ዜማው ቆመ።

ክሎዶሚሮ በሆዱ ተስቦ ከወለሉ ሥር ገባ፤
ሲወጣ ፊቱ አመድ፣ ዓይኑ ሞልቷል እንባ፤
«ዋናው አግዳሚ ተሰንጥቋል፤ አንድ ክንድ ብንስብ፣
ጣሪያው ከነደወሉ ይረግፍ ነበር በዚህ ሁሉ ሕዝብ።»

ከዚያ፣ ባሥራ አንድ ዓመቱ፣ ወደ ሉድጋርዳ ዞረ፤
ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጭቃውን እያየ፣ ተናገረ፦
«ቀስ ያለ ዜማ አለሽ? በሬው እንዳይደነብር፣ እንጨቱን እስካስር።»
መልስ አልሰጠችም፤ አዜመች፤ ዜማዋም ሆነ ክር።
ሶፋኖር መጽሐፉን ዘጋ፤ ከጭቃው ወርዶ ትከሻውን ሰጠ፤
ከጸሎቱ ሁሉ ያ ነው በልቤ የተቀመጠ።
የቤኒግኖ ወሬም ጠቀመ፤ ማን ጓዳ ብረት እንዳለ፣ ከሱ በቀር ማን ያውቀው?
ሮጦ ሄዶ ባለቤቱን እስኪሰጠው አስጨነቀው።

ቀሪውን መንገድ ኤሊሴዮ መራን፤ አንድ መዳፉ ከግድግዳው፣ አንዱ ባየር፤
ሲያነሣው እንስባለን፣ ሲያወርደው እንቆማለን፣ አንድም ሰው ሳይናገር።
ለካ ጆሯችንን አኑሮት ኖሯል ጌታ በዚያ ልጅ መዳፍ፤
ለካስ እኛ ያን ሁሉ ዘመን፣ ከራስ እስከ እግር ነበርን አፍ።

ሲመሽ ኮረብታው ላይ፣ በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ፣ ከዛጎል ጋር ድንቼን ቀብሬ
ስጠብቅ፣ ልጁ መጣ፤ ከቅጠሉ ላይ መዳፉን አሳርፎ «በሰለ» አለኝ፣ ያለ ከንፈር ወሬ።
ሰው ሁሉ በላ፤ ልጣጩን በሬው በላ፤ ያን ሌሊት ዝናቡ እንኳ ረጋ፤
ደወል ተደወለ፤ ማንም ሳያዝ ሰው ሁሉ ወደ እንጨቱ ተጠጋ፤
ያናጢው ጠባሳ እጅ፣ የሉድጋርዳ ቀጭን እጅ፣ የቤኒግኖ፣ ጎን ለጎን ተያያዘ፤
የእኔም እዚያው ነበር፣ የድንች አፈር በጥፍሩ እንደያዘ።