ተረኞች

የአዳር ተረኛ ነበርኩ፤ ጦሳ ከነጉሙ ሲነጋ፣
ሙዘይኑ አደም እብሬ ከሆጤ መጥቶ ተጠጋ።
«አዛኑን ስል» አለኝ «ቃሉ እንደ ጥጥ ያንቀኛል፣
ምራቄን ስውጥ ደግሞ እሾህ ይወጋኛል።»

አፉን ከፈተ፤ ባትሪ አበራሁበት፣
የፈሰሰ እርጎ መስሎ ምላሱ ነጥቶበት።
ፋቅ አድርጌ ወሰድኩ፣
ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ።
እርሾ ነው፤ ከጥርስ ሥር ተጎራብቶ የኖረ፣
ክብ ሆኖ፣ ሳያስቀይም፣ ዕድሜ የቆጠረ፤
ዛሬ ግን ክር አውጥቶ ሥጋ ሊሰፋ ጀመረ።

ዘቡስ? የት ሄደ ዘቡ?
ክቡን እያየ የሚያልፍ፣ ክሩን ሲያይ የሚጣራ፣
ነጩን ደም ከተኛበት ለዘመቻ የሚያሰማራ፣
ለካ እሱም ሙዘይን ኖሯል፣ በስስ ሽፋኑ ሚናራ።

«ለአስምህ የምትስበው» አልኩት «ደረትህን ሲያሳርፍ፣
ምላስህ ላይ የቀረው ዘቡን ያስይዘዋል እንቅልፍ።
ስበህ ስትጨርስ ተጉመጥመጥ።»
ሳቀ አደም፦
«በቀን አምስቴ እጉመጠመጣለሁ፤
ግን ውዱዬን አድርጌ፣ ከዚያ እስበዋለሁ።»
«እንግዲያው ገልብጠው፤ ይኸው ነው ጉዱ፣
አስቀድመህ ሳበው፣ ይከተል ውዱ።»

ኒስታቲኑን ይዞ ወጣ። ክፍሉ ጭር ብሎ ነበረ።
ጥርሶቼን በምላሴ ዳሰስኩ፤
ማን ይሆን ሌሊቱን ሙሉ ሲጣራልኝ ያደረ?