ግራ ትከሻ

"ከስምንቱ መስፈርት ሦስቱን ብቻ አምጪ፤
ካመጣሽ ትገቢ፣ ካላመጣሽ ውጪ"
አለች ጠበቃዬ፣ ብዕር እያዞረች፣
እያንዳንዷን ደቂቃ በዶላር እየቆጠረች።
ከመስኮቱ ማዶ የላስ ቬጋስ በረሃ ይነዳል፤
የሆቴሉ ፏፏቴ ውሃውን ሽቅብ ይሰዳል።

የቪዛው ስም ራሱ ያስፈራል፦
"ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው"።

"ሽልማትስ?"
አንድ የነሐስ ሜዳሊያ፣ ጥብጣቡ ቀለም የለቀቀ።
"ጋዜጣስ ጽፎልሻል?"
አንዴ፣ በኡላንባታር። ስተጣጠፍ የተነሣሁትን ፎቶ
ገልብጦ አተመው፤ ከእናቴ በቀር ማንም አላወቀ።
"ክፍያሽስ ከሌሎቹ ይበልጣል?"
ዝም አልኩ።
አንዲት ክፍል ለአራት፣ አንድ ፍራሽ ለሁለት፤
ይህንን የትኛው ሣጥን ውስጥ ምልክት ላድርግበት?

"እንግዲያው ደብዳቤ! አንቺው ራስሽ ጻፊው፣
አስተማሪሽ ትፈርም፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያልፈው።"

ጎንበስ ማለትን ነው ከልጅነቴ የለመድኩት፤
በስድስት ዓመቴ ወገቤን እንደ ቀስት የለጠጥኩት፣
እግሬን በራሴ ላይ አሳልፌ፣
ተረከዜ ላይ የሞላ ብርጭቆ ያስቀመጥኩት።
"ቀጥ ብለሽ ቁሚና 'ወደር የለኝም' በይ" ሲሉኝ፣
ያን ጊዜ ነው አጥንቶቼ የታመሙብኝ።

በዚያች ሌሊት ማቀዝቀዣው እያቃሰተ፣
ገመድ ላይ የምትሄደው ቡልጋሪያዊቷ ራድካ
የእግሯን ጥፍር እየቀባች፣
"'ዓለም አቀፍ' የሚለውን ጨምሪበት" አለች።
ጨመርኩ።
"'ብቸኛዋ' በይ። ይቺን ቃል መንግሥት ይወዳታል።"
እሷንም ጨመርኩ።

"እኔ ጸረንዱላም፣ አርባ ዓመት ያስተማርኩ፣
እንደ ኖሚንዛያ ያለች ከቶ አላየሁም" ብዬ ጻፍኩ።
በአፏ ውስጥ ተደብቄ ራሴን ሳወድስ፣
የሰው ቀሚስ ተውሼ ሠርግ ቤት እንደምደርስ
አንገቴ ስር አሳከከኝ።

ጸረንዱላም እኮ
በአሥራ አራት ዓመት አንዴ እንኳ "ጎበዝ" አላለችኝም!
ውጭው አጥንት በሚሰብር ብርድ ነጭ ሆኖ፣
በአዳራሹ ውስጥ ትንፋሻችን እየጨሰ፣
በቀጭን ዘንግ ጀርባዬን ነካ ታደርግና
"እንደገና" ትላለች።
እናቴ ሾርባ ይዛ በር ላይ ትጠብቃለች፤
ሾርባው ይቀዘቅዛል።
"እንደገና።"

ላክሁላት። ስምንት ቀን ዝም አለች።
በዘጠነኛው የፊርማዋ ፎቶ በስልኬ መጣ፣
አንዲት ነጥብ እንኳ ከቦታዋ ሳትወጣ።
ከፊርማው ግርጌ ግን፣ በተንጋደደ የእጅ ጽሑፍ፦
"ይህ ሁሉ እውነት ነው።
ግራ ትከሻዋ ግን ዛሬም ይዘገያል።"

ካርላ ብራንት አስተረጎመችና ፊቷ ከፋ፤
"ይቺ መስመር ፋይሉን ታበላሻለች፤ ትጥፋ።"

ተነሣሁ። የቢሮው ምንጣፍ ላይ መዳፎቼን ተከልኩ፣
ወገቤን አጠፍኩ፣ ግራ ትከሻዬን አዳመጥኩ፦
እውነቷን ነው። የዓይን ጥቅሻ ግማሽ ያህል ዘገየ።
በየማታው ሺህ ሰው ያጨበጭባል፤ አንዱም አላየ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ሳታየኝ
ከየት አወቀችው?

"ትቆይ" አልኩ፣ ራሴ በእግሮቼ መሃል እንዳለ።
"ከላይ ያለው የኔ ነው። የሷ ይቺ ብቻ ናት።"
ካርላ ከወንበሯ አጎንብሳ አየችኝ፤
ከዚያ ሰዓቷን አየች፤
ለዝምታችንም የአሥራ ሁለት ደቂቃ አስከፈለችኝ።

መልሱ ወራት ይፈጃል ይላሉ።
እስከዚያው ጎህ ሳይቀድ፣ ራድካ ሳትነቃ፣
በፍራሹና በማቀዝቀዣው መካከል ባለች ክንድ በማታክል ወለል፣
ግራውን።
ሾርባው ይቀዝቅዝ።
ግራውን፣ እንደገና።